ተራኪ የሌለው ፊልም እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጋሼ፣ 26 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ጅማ ነው። በጋዜጠኝነት ተመርቄ አራት ዓመት ሆኖኛል። አሁን አጂፕ አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ሠርግና ልደት እቀርጻለሁ፣ ኤዲትም አደርጋለሁ። ላለፉት ሦስት ዓመታት በትርፍ ጊዜዬ መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን ስቀርጽ ቆይቻለሁ። እናቴም 11 ዓመት እዚያ ሠርታለች። ካሜራው የቪዲዮ ቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ሥራ በሌለ ቀን ይፈቅድልኛል። ወደ 90 ሰዓት የሚሆን ቀረጻ አለኝ። ፊልሙ ተራኪ እንዲኖረው አልፈልግም። እጃቸው፣ የፍሬው ድምፅ፣ ወሬያቸው፣ ዝምታቸው ብቻ። ጓደኞቼ ግን "ይሄ ዘጋቢ ፊልም አይደለም፣ ማንም አያየውም" ይሉኛል። ሥራዬን ለቅቄ፣ ያጠራቀምኳትን ይዤ አዲስ አበባ ልግባና ጥሩ ካሜራ ልግዛ ብዬ አስቤያለሁ። በዚህ ዓይነት ፊልም መኖር ይቻላል? ከጅማ ልውጣ? እናቴ ደግሞ "ሥራሽ ግን ምንድን ነው?" ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ከጥያቄው ጋር የሁለት ደቂቃ ክሊፕ ልካለች። አይቼዋለሁ፤ እመለስበታለሁ።

መልሱን ከፊት ላስቀምጥ። ሥራሽን አትልቀቂ። አዲስ አበባ አትግቢ። ካሜራ አትግዢ። ከ90 ሰዓቱ ውስጥ 12 ደቂቃ ፊልም አውጪና ጨርሺ። ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፣ የቃሉም ነው። «ዘጋቢ ፊልም» ስንል ማይክ ይዞ የሚያወራ ሰው ነው ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው። ቴሌቪዥናችንም ይህንኑ አስለምዶናል። ወፍራም ድምፅ ያለው ተራኪ፣ ከኋላ ዋሽንት፣ ከላይ የተነሳ ተራራ። ስለዚህ ተራኪው ሲጠፋ ሰው «ፊልሙ የታል?» ይላል። ግን ያለ ተራኪ መሥራት ትናንት የመጣ ፋሽን አይደለም። ሶቪየታዊው ዚጋ ቬርቶቭ በ1929 (የፊልሞቹንና የፊልም ሠሪዎቹን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው) «ካሜራ የያዘው ሰው» የሚለውን ፊልም ሲያወጣ፣ ገና መግቢያው ላይ ይህ ፊልም በመሀል የሚገባ ጽሑፍ የለውም፣ ድርሰት የለውም፣ ተዋናይ የለውም ብሎ አስታውቋል። የቀረጸው ወንድሙ ሚኻይል ካውፍማን ነው። የገጣጠመችው ደግሞ ባለቤቱ ኤሊዛቬታ ስቪሎቫ ናት። እሷ ራሷ ፊልሙ ውስጥ ትታያለች፤ ጠረጴዛ ፊት ቁጭ ብላ የፊልም ቁርጥራጭ አንድ በአንድ እያነሳች ታያለች፣ ትለያለች፣ ታስቀምጣለች። ፈልገሽ እዪው። ቡና ለቃሚ ነው የምትመስለው።

ሁለተኛው ስህተት ግን የጓደኞችሽ ሳይሆን የአንቺ ነው። ደብዳቤሽ ላይ ፊልምሽ ምን እንደሌለው ነግረሽኛል እንጂ ምን እንዳለው አልነገርሽኝም። «ተራኪ የለውም» ሕግ አይደለም። ያንቺ ዓይነቱ፣ የተለመደውን አሠራር የሚተወው የሙከራ ዘጋቢ ፊልም ሲባል እንደመጣ መቅረጽ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እንዲያውም ከሌላው ፊልም ይልቅ ጥብቅ ነው። ሠሪው ለራሱ አንድ ሕግ ያወጣና እስከ መጨረሻው ይዞት ይሄዳል። ለምሳሌ ካሜራው ከመጋዘኑ በር አይወጣም። ወይም ፊት አይታይም፣ ድምፅ ብቻ። ወይም ፊልሙ የሚያልቀው አንድ ጣሳ ሲሞላ ነው። ሕጉን አንቺ ነሽ የምታወጪው። ሕግ ከሌለው ግን «ሙከራ» ሳይሆን ያልተጠናቀቀ ቀረጻ ነው፤ ጓደኞችሽም ልክ ይሆናሉ።

ክሊፑን እንይ። አንዲት ሴትዮ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣለች። ፊቷ አይታይም። ቀኝ እጇ ጥቁሩን ፍሬ እየለቀመ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ቀጭ፣ ቀጭ። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ቆርቆሮ ነው። ጣሳው ታቹ እየተሸፈነ ሲሄድ ድምፁ ይለወጣል፣ ፍሬ በፍሬ ላይ ይሆናል። ይህን ለውጥ ለመስማት ሰላሳ ሰከንድ ያህል መታገስ ያስፈልጋል፤ አንቺም ሳትቆርጪ ታግሰሻል። ጎበዝ። ከዚያ በድንገት እጇ ይቆማል። ማንም አልጠራትም። ፍሬውም አላለቀም። አምስት ሰከንድ ያህል አየር ላይ ይቆይና ወደ ሥራው ይመለሳል። በሁለቱ ደቂቃ ውስጥ ፊልም የምለው እነዚያን አምስት ሰከንድ ነው።

አንቺ ምን አደረግሽ? ልክ እጁ ሲቆም ክራር አስገባሽ።

እሱ ክራር ተራኪ ነው። አፍ የለውም እንጂ «እዚህ ጋ እዘኑ» እያለ ነው። ተራኪውን በበር አስወጥተሽ በመስኮት አስገብተሽዋል። ሠርግ ቪዲዮ ላይ ዝምታ ሲመጣ ሙዚቃ መሙላት ስለለመድሽ እጅሽ በራሱ ሄዶ ነው፤ ይገባኛል። አውጪው። የመጋዘኑ ድምፅ ይበቃል።

ተራኪ ሁሉ ጠላት ነው እያልኩሽ ግን አይደለም። ኢትዮጵያዊቷ ፊልም ሠሪ ሳሌም መኩሪያ በ1997 በሠራችው «የወንዝ ማዕበል» ውስጥ በራሷ ድምፅ ነው የምትናገረው፤ ስለ ወንድሟና ስለ ቅርብ ጓደኛዋ፣ ያ የአብዮት ዘመን ስለወሰዳቸው። ሁሉን የሚያውቅ ወፍራም ድምፅ ሌላ ነገር ነው፤ የሚያመው ሰው ድምፅ ሌላ ነገር ነው። ይህችው ሴት በ2003 ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ ቬኒስ ቢየናሌ ላይ ሦስት ስክሪን ጎን ለጎን የሚታይበት ሥራ አቅርባለች። ይህን የማነሳው ዘጋቢ ፊልም የግድ ሲኒማ ቤት ውስጥ ብቻ እንደማይኖር እንድታዪ ነው። የሥዕል ጋለሪም አንዱ ቤቱ ነው። ያንቺ እጆች ሦስት ግድግዳ ላይ ቢታዩ አይገርመኝም።

አሁን ወደ እንጀራው። ይኖርበታል ወይ? ፊልሙ ራሱ ካመጣው ገንዘብ ብቻ የሚኖር የሙከራ ዘጋቢ ፊልም ሠሪ እኔ በአካል አላውቅም። ውጭ አገርም ቢሆን ሰዎቹ ሌላ ገቢ አላቸው። ሳሌም መኩሪያ አሜሪካ ዌልስሊ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ነበረች። ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት አስተምሯል። የ1993ቱን «ሳንኮፋ» አከፋፋዮች አንይዝም ሲሉት ደግሞ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ አሳይቷል። እነዚህ አንጋፋዎቹ ናቸው። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ ልገባ» የሚለውን ሐሳብ እንደ ጀግንነት አትዪው። በዚህ ሙያ ሙሉ በሙሉ መግባት ማለት ከሌላ ቦታ ገቢ እያገኙ ለረጅም ጊዜ አለመውጣት ነው።

የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ ካሜራ አይደለም፣ ጊዜ ነው። ጀሲካ በሽርን ውሰጂ። ሜክሲኮ ተወልዳ ሐረር ያደገች፣ ኑሮዋ ኒው ዮርክ የሆነ ፊልም ሠሪ ናት። በ2021 ስለ ጫት የወጣውን «ፋያ ዳዪ» ለመሥራት አሥር ዓመት ገደማ ወደ ሐረር ተመላልሳለች። ካሜራውን የያዘችው ራሷ ናት። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ነው፣ እንደ ቴሌቪዥኑ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳሽ ተራኪ የለውም። አሜሪካ ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ታየ፣ ስዊዘርላንድ ቪዥን ዱ ሬል ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት ወሰደ። ሰው የሚያወራው ስለ ሽልማቱ ነው። እኔ የማሳይሽ ሌላ ነገር ነው። በየመሀሉ አጫጭር ፊልሞች ጨርሳለች። በ2017 «ሃይራት» የሚል፣ ሐረር ጅብ ስለሚያበላ ሰው የሚተርክ አጭር ሥራ ይዛ ነው ሰንዳንስ የደረሰችው። ትልቁ ፊልም ከዚያ አራት ዓመት በኋላ ነው የመጣው። 12 ደቂቃ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

እሷ ለአንድ ቀረጻ ውቅያኖስ ማቋረጥ ነበረባት። አንቺ ከአጂፕ ባጃጅ ይዘሽ ትደርሻለሽ። ለቃሚዎቹ ስምሽን ያውቃሉ፣ እናትሽን ያውቃሉ፣ ካሜራ ፊት ማኩረፍ ትተዋል። ይህን በገንዘብ መግዛት አይቻልም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቡድን መኪና ተከራይቶ፣ አበል ከፍሎ ሦስት ቀን ቢቀርጽ የሚያገኘው ሥራ ላይ ያሉ ሴቶችን እንጂ እጇን አየር ላይ ያቆመችውን ሴት አይደለም። አንቺ ደግሞ አዲስ አበባ ብትገቢ ያጠራቀምሽው ብር ወራት ሳይቆይ በቤት ኪራይ ያልቃል፤ ከዚያ ምን ትሠሪያለሽ? እዚያም ሠርግ ትቀርጫለሽ። መጋዘንሽ ግን 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ይቀራል።

የጅማ ዓመት ደግሞ ለዚህ ሥራ እንደተሰፋ ልብስ ነው። ሠርግ የሚበዛው በጥር እና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የሙስሊሙ ሠርግ ረመዳንን ዘልሎ ይመጣል። ያኔ ገንዘብ ሰብስቢ፣ ፊልሙን እርሺው። ክረምቱ ጅማ ላይ ረጅም ነው፤ ዝናቡን ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ሠርግ የለም፣ ቀረጻ የለም። ኤዲት ማድረጊያ ጊዜሽ እሱ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና ይለቀማል፣ ከዚያ ጀንፈሉ ወደ መፈልፈያ፣ ቀጥሎ ወደ መጋዘን ይገባል። ያኔ የጎደለሽን ትቀርጫለሽ። ሠርግ ብቻ ካልበቃ ለድርጅቶች የፕሮጀክት ቪዲዮ፣ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመስክ ቀረጻ፣ ለቡና ላኪዎች ማስታወቂያ አለ። እነሱን ስትሠሪ ግን አንድ ጥንቃቄ አድርጊ። ለላኪው ማስታወቂያና ለፊልምሽ የምትቀርጪውን በአንድ ቀን፣ በአንድ መጋዘን አታድርጊው። ሴቶቹ ለማን እየተቀረጹ እንደሆነ ግራ ይገባቸዋል። አንቺንም እንደ አለቃቸው ሰው ማየት ከጀመሩ ፊልሙ አለቀ ማለት ነው።

ካሜራ አትግዢ ያልኩት ለምንድን ነው? ክሊፑ ላይ ምስሉ ምንም አልጎደለውም። በ2012 የወጣው «ሌቪያታን» የሚባል በዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ የተሠራ ፊልም ብዙው ክፍሉ ስፖርተኞች ራሳቸው ላይ በሚያስሯት ትንሽ ካሜራ፣ በጎፕሮ ነው የተቀረጸው። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይደፈርሳል፣ ግን ድምፁ መርከቡ ላይ ያስቀምጥሻል። ያንቺም ፊልም በድምፅ ነው የሚቆመው። የጣሳው ነገር የተሰማው ዕድለኛ ሆነሽ ማይኩ ቅርብ ስለነበረ ነው፤ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የጄኔሬተር ጩኸት ሁሉን ውጦታል። ገንዘብ ካወጣሽ በእጅ የሚያዝ ጥሩ የድምፅ መቅጃ ግዢ፣ ከነፋስ መከላከያው ጋር። አንድ ቀን ካሜራውን ቤት ትተሽ መቅጃውን ብቻ ይዘሽ ግቢ። የሚሰማሽ ነገር ይለያል።

ቀጥሎ ሃርድ ዲስክ። 90 ሰዓቱ ስንት ቦታ ነው ያለው? አልነገርሽኝምና የምፈራውን ነው የምናገረው። እኔ አንድ ጊዜ የሁለት ዓመት ቀረጻ በአንድ ዲስክ ይዤ ነበር። በክረምት ከባጃጅ ስወርድ ከቦርሳዬ ሾልኮ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ለማድረቅ ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት፣ ባለሙያ ጋ ወሰድኩት፣ አንድም ፋይል አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅጂ ነው የምይዘው፤ ሁለቱ በተለያየ ዲስክ፣ አንዱ ሌላ ሰው ቤት። ሌንሶቹንም ባለቤቱ እንዴት እንደሚያስቀምጣቸው እዪ። በጅማ እርጥበት ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። ክዳኑ ግጥም የሚል ሳጥንና እርጥበት የሚመጥጡት ትንንሽ ከረጢቶች ይበቃሉ፤ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን ማለቴ ነው።

አሁን ማንም የማያነሳው ነገር። ቀረጻው የማን ነው? «ባለቤቱ ይፈቅድልኛል» ብለሻል። ዛሬ ይፈቅዳል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቀጣሪ በሥራው ላይ የሠራው ነገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። ያንቺ በትርፍ ጊዜ የተሠራ ነው፣ ግን በእሱ ካሜራ ነው። ፊልሙ ነገ ፌስቲቫል ላይ ቢመረጥ ወይም ገንዘብ ቢያገኝ ክርክር ይነሳል። ሰውዬው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ገንዘብ ሲመጣ ሰው ትዝታው ይለወጣል። አሁን ምንም በሌለበት ሰዓት አንድ ገጽ ወረቀት አጻጽፊ፤ ቀረጻው ከሥራ ሰዓት ውጭ የተሠራ የግልሽ መሆኑን፣ እሱ ካሜራ በማዋስ መተባበሩንና ስሙ በምስጋና እንደሚገባ። ይፈርምበት፣ ምስክር ይኑርበት። ይህን ሳታደርጊ የትም እንዳታመለክቺ።

የሴቶቹ ፈቃድ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። እነሱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። አንዷ እየለቀመች ስለ ክፍያው ያማረረችውን ፊልም ላይ ብታስገቢው ነገ በር ላይ «አንቺ አትምጪ» ልትባል ትችላለች። ለመባረር ደብዳቤ አያስፈልግም። ስለዚህ የአንድ ቀን «እሺ» አይበቃም። የተቆረጠውን 12 ደቂቃ ማንም ከማየቱ በፊት እነሱ ይዩት። አንሶላ ወጥረሽ፣ ፕሮጀክተር ተውሰሽ፣ ቡና አፍልታችሁ። በአፋን ኦሮሞ የተናገሩትን ወደ አማርኛና እንግሊዝኛ ስታስተረጉሚም ትርጉሙን መልሰሽ ንገሪያቸው። «ይሄን አውጪልኝ» ያለች ካለች ታወጫለሽ። አንዳንዴ የምታወጪው ነገር በጣም የምትወጂው ይሆናል። ያማል። ያም ሆኖ ታወጫለሽ። ከመጋዘኑ ባለቤትም የቀረጻ ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ፣ እና ድሮን የሚባል ነገር አታስቢ። ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ድሮን ማብረር ዕቃውን ማስወረስ ነው። ላንቺ ፊልም ደግሞ ምን ይሠራል?

ስለ ኤዲቱ አጭር ምክር። 90 ሰዓት ቁጭ ብለሽ ሁሉንም እዪ፣ በደብተር እየጻፍሽ። በእኔ ልምድ የአንድ ሰዓት ቀረጻ በሥርዓት መዝግቦ ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ አንድ ክረምት አለቀ ማለት ነው። አሰልቺ ነው፣ አቋራጭ የለውም። ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግሽም፤ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ቅጂ ይበቃል። ሲያልቅ ለመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ብቻ አዲስ አበባ አንድ ሳምንት ሄደሽ ተመለሺ። ላንቺ አዲስ አበባ ለዚህ ነው የምትጠቅመው።

12 ደቂቃው ካለቀ በኋላ በሩ ይከፈታል። አዲስ አበባ ላይ አዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያውቅ ቦታ ነው። ጎተ ኢንስቲትዩትና አሊያንስም አሉ። ለረጅሙ ፊልም ናይሮቢ ያለው ዶኪዩቦክስ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለምሥራቅ አፍሪካ ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ድጋፍ ይሰጣል። የአምስተርዳሙ ዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል የኢድፋ በርታ ፈንድም ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የሚመጡትን ያያል። ሁሉም የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፤ ስለ ፊልሙ የተጻፈ ሐሳብ፣ በጀት፣ ናሙና ቀረጻ፣ እና ከዚህ በፊት የጨረስሽው ሥራ። የመጨረሻው ላይ ነው ብዙ ኢትዮጵያዊ አመልካች የሚወድቀው። ሐሳቡ ያማረ፣ እንግሊዝኛው የተስተካከለ፣ የተጨረሰ ፊልም ግን የለም። ትምህርት ከፈለግሽም እንደዚሁ ነው። ዶክኖማድስ የሚባል በሊዝበን፣ በቡዳፔስትና በብራስልስ የሚሰጥ የሁለት ዓመት የዘጋቢ ፊልም ማስተርስ አለ፣ ስኮላርሺፕም አለው። እነሱም መጀመሪያ ሥራሽን ነው የሚያዩት።

የውጭ ገንዘብ ካገኘሽ አንድ ነገር አስቢ። ብር በገበያ መተመን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ በዶላር የሚመጣው ድጋፍ በብር ሲመነዘር ይበዛል፣ ግን ሃርድ ዲስኩም መቅጃውም አብሮ ወጥቷል። በጀትሽን በብር አስበሽ አትጻፊ።

ፌስቲቫሎች በአብዛኛው አይከፍሉሽም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ማመልከቻ ያስከፍላሉ። ለፌስቲቫሎች ፊልም በሚላክበት ድረ ገጽ፣ በፊልምፍሪዌይ በኩል ከማመልከትሽ በፊት ለአዘጋጆቹ አጭር ኢሜይል ጻፊና ክፍያው እንዲነሳልሽ ጠይቂ። ከኢትዮጵያ ነኝ፣ በግሌ የሠራሁት ነው ብትያቸው ብዙዎች እሺ ይላሉ። ስሙን ሰምተሽው የማታውቂ ሆኖ በየወሩ ሽልማት የሚሰጥ ፌስቲቫል ካየሽ እለፊው። የሚፈልገው ክፍያሽን ነው። ሙሉ ፊልሙን ደግሞ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ እንዳትጭኚ። ትልልቆቹ ቦታዎች ፊልሙን መጀመሪያ ያሳየነው እኛ ነን ማለት ይወዳሉ። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ሊንክ ላኪ። ጓደኞችሽ ማየት ከፈለጉ ቤት ይምጡ።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ላይሳካ ይችላል። ሃያ ቦታ ልከሽ ሃያው ጋ «አዝናለሁ» ልትባዪ ትችያለሽ። እኔ የመጀመሪያዬን አሥራ አራት ቦታ ልኬ ነው አንድ ያገኘሁት፣ እሱም ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰው ያየው ማሳያ ነበር። የአገራችን ቴሌቪዥኖች እንዲህ ላለው ፊልም ሰዓት የላቸውም። ሲኒማ ቤትም አያሳየውም። ታዋቂነት ከፈለግሽ፣ እውነቴን ነው፣ ሌላ ዓይነት ፊልም ሥሪ። ግን ለ12 ደቂቃው ያወጣሽው አንድ ክረምትና የአንድ መቅጃ ዋጋ ነው። ሥራሽም ካሜራውም ጅማም ባሉበት አሉ። ሁሉን ሸጠሽ አዲስ አበባ ገብተሽ ባይሳካ ግን የምትመለሺበት የለም። ልዩነቱ ይሄ ነው፣ ምክሬም በዚህ ላይ ነው የቆመው።

የእናትሽ ጥያቄ ቀርቷል። «ሠርግ ቀራጭ ነኝ» በያት፤ እውነት ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ከዚያ ክራሩን አውጥተሽ ክሊፑን አሳያት። እጁ ሲቆም አስቁሚውና «ለምንድን ነው የቆመችው?» ብለሽ ጠይቂያት። 11 ዓመት ለቅማለች፤ ከእኔም ካንቺም የተሻለ ታውቃለች። ከመጠየቅሽ በፊት ግን መቅጃውን ክፈቺ፣ እየቀዳሽ መሆኑንም ንገሪያት።